ግማሽ ቦቴ ውሃ

ወልደሥላሴን ድካም የያዘው የዛሬ ሳምንት ወይም የዛሬ ወር አልነበረም። ጅግጅጋ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ጋራዥ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በጀርባው ተንጋሎ የመኪና ሆድ ዕቃ ሲጎረጉር የኖረ ሰው፣ ሃምሳ ስምንት ሲሞላው ወገቡ በራሱ አፍ መናገር ይጀምራል። ለጡረታ ሁለት ዓመት ቀርቶታል። እነሱን ደግሞ ቁልቁለት ላይ ሞተር አጥፍቶ እንደሚወርድ ሾፌር፣ ነዳጅ ሳያባክን ሊጨርሳቸው ነበር ሐሳቡ።

አንድ ነገር ብቻ አይደክመውም። ከአራት ዓመት በፊት ከቶጎ ውጫሌ በመጣ የልባሽ ቦንዳ ውስጥ እርስ በርስ የሚሰካኩ የፕላስቲክ ጡቦች፣ እንደ ማርሽ የሚነካከሱ ትንንሽ ጥርሶች፣ ጎማዎችና ሁለት ዲናሞዎች የታጨቁበት ካርቶን ተገኘ። ነጋዴዋ ፋርቱን ምንነቱ ስላልገባት "አንተ የመኪና ሰው ነህ፣ ውሰደው" ብላ ሰጠችው። መመሪያ የሚባል ወረቀት አልነበረውም፤ ወልደሥላሴም ከራሱ ጭንቅላት መንደፍ ያዘ። የመጀመሪያዋ መኪናው ዲናሞዋ ሲፈተለክ ጎማዋ ባለበት ይንፈራገጥ ነበር እንጂ አትሄድም። ትንሿን ጥርስ ከትልቋ፣ ትልቋን ከሌላ ትልቅ ጋር አገናኝቶ ፍጥነቱን ወደ ጉልበት ሲለውጠው ግን፣ መኪናዋ የሚስቱን የአትጠገብን ነጠላ ጫማ ወጥታ ወረደች። ያን ቀን እንደ ልጅ ሳቀ።

አትጠገብ አልሳቀችም። "አንተ ሰውዬ፣ ሽበትህን እያየ ጎረቤት ምን ይለኛል?" አለችው። ሚስት ከተቆጣች ደግሞ ዕቃ ቦታ ይለውጣል። ፕላስቲኮቹ ወደ ጋራዡ ሄደው ከመፍቻ ሳጥኑ ጀርባ ተደበቁ። ወልደሥላሴ በምሳ ሰዓት በሩን ዘግቶ ገልባጭ መኪና ይሠራል፣ ያፈርሳል፣ ትራክተር ይሠራል፣ ያፈርሳል። ሰው ሲመጣ በጆንያ ይሸፍናቸዋል።

ከዚያ የ2008ቱ ድርቅ መጣ። መሥሪያ ቤቱ ያሉትን የውሃ ቦቴዎች ሁሉ ወደ ገጠር አሰማራ፤ ከሾፌሮቹ አንዱ የወልደሥላሴ የሃያ ዓመት ወዳጅ ባሬ ነበር። ባሬ አገሩ እንዳሳደገው ሰው ነው፤ ውሃ ጭኖ የጠማው ሰው አጠገብ ደርሶ አያልፍም። እንዲህ ያለውን ሰው መንገድ ላይ ማለፍ በአገሩ ሰው ዘንድ ከስርቆት የከፋ ነውር ነው። አንድ ቀን ወደ አውበሬ ሲሄድ ግመሎቻቸው የተኮራመቱባቸው ቤተሰቦች መንገድ ዳር አገኘ። ቆመ። ለሰው ቀዳ፣ ለፍየል ቀዳ፣ ለግመል ቀዳ። ሲነሳ ታንከሩ ግማሽ ሆኗል። ከዚያ ወደ ደረቁ ወንዝ የሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ ሲደርስ ቦቴው በጎኑ ተኛ። ሰው አልሞተም፤ የባሬ ቀኝ ክንድ ተሰበረ።

አደጋውን የመረመረው ወልደሥላሴ ራሱ ነበር። ፍሬኑን አየ፣ መሪውን አየ፣ ጎማውን አየ፤ "ሁሉም ደህና" ብሎ ፈርሞ ሰጠ። እውነቱን ነበር የጻፈው። ታንከሩን ግን ማንም ከፍቶ አላየ፤ የውሃ ታንከር ፍሬን የለው፣ መሪ የለው፣ ምኑን ያዩታል?

ያች ወረቀት በባሬ ላይ ዞረች። መኪናው ደህና ከሆነ ጥፋተኛው ሾፌሩ ነው ተባለ። ግማሹ ውሃ የት ገባ? በጉድጓድ ውሃ አጠራቅመው ለሚቸረችሩት ለባለ ብርካዎች ሸጦታል። ለምን ተገለበጠ? የቀረውን ሊሸጥ ሲበር። ደግሞስ ግማሽ የጫነ መኪና ሙሉ ከጫነው ይቀላል፤ በቀስታ ቢሄድ ኖሮ እንዴት ይወድቃል? ውሃ የጠጡት ሰዎች ቢመሰክሩለት ጥሩ ነበር፤ እነሱ ግን የዝናብ ወሬ ሰምተው ወዴት እንደሄዱ አይታወቅም። የዲሲፕሊን ኮሚቴው በስምንተኛው ቀን እንዲሰበሰብ ተቀጠረ። ባሬ ጥፋተኛ ከተባለ ሥራውም መንጃ ፈቃዱም ይሄዳሉ፤ ከሁሉ በላይ ግን በድርቅ ውሃ የሸጠ የሚል ስም ይዞ ጅግጅጋ ውስጥ ሊኖር ነው።

ወልደሥላሴ ሊጠይቀው ቤቱ ሄደ። ባሬ ክንዱ በጀሶ ታስሮ ምንጣፍ ላይ ተደግፏል።

"ወልዴ፣ ውሃ ሸጬ አላውቅም።"

"አውቃለሁ።"

"ቀስ ብዬ ነበር የምወርደው፣ ወላሂ። ውሃው ነው የገፋኝ።" ባሬ ይህን ብሎ ወዳጁን ትክ ብሎ አየው። ሌላ ነገር የሚጠብቅ ይመስል ነበር። ወልደሥላሴ ሻዩን ጠጥቶ ተነሣ።

ለኮሚቴው በቃል ማስረዳት ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ እንደሚሆን ያውቃል። የቢሮ ሰዎች ናቸው፤ የሚያምኑት በዓይናቸው ያዩትን ነው። ስለዚህ በማግሥቱ ጆንያውን ገልጦ ቦቴ መሥራት ጀመረ። የሻንሲውን ርዝመትና የጎማውን ስፋት ከእውነተኛው ለክቶ በሃያ አካፈለ። ዲናሞውን ከኋላ ጎማዎች በላይ አስቀመጠ፤ ጥርሶቹንም መኪናው በሰው እርምጃ እንዲሄድ አድርጎ መረጠ። የፊት ጎማዎቹን ወደ ግራ አጣሞ አሰራቸው፤ ሁልጊዜ እንዲታጠፍ። ታንከሩ አስቸገረው፤ የፕላስቲክ ጡብ በየመጋጠሚያው ያፈስሳል። በመጨረሻ ውስጡን በፌስታል ለበጠውና ክዳን ሠራለት። ሦስት ቀን ፈጀበት። ወገቡ እየጮኸ፣ ዓይኑ እያለቀሰ፣ ጡብ በጡብ ላይ ሰካ።

በሦስተኛው ቀን ጣውላ አዘንብሎ ሞከረው። ባዶውን ለቀቀው፤ ታጥፎ ወረደ። ሙሉ ሞላው፤ እያቃሰተ ታጥፎ ወረደ። ግማሽ አድርጎ ለቀቀው። መታጠፍ ሲጀምር ውስጡ ያለው ውሃ ባንድ ጊዜ ወደ ቀኝ ተጋፋና መኪናው በጎኑ ተዘረረ። አምስት ጊዜ ደገመው፤ አምስቱንም ጊዜ ወደቀ።

"ባሬ እውነቱን ነው!" ብሎ ብቻውን ጮኸ። ሱሪው ረጥቧል፤ ግድም አልሰጠው።

ደስታው ሻይ እስኪፈላ እንኳ አልቆየም። ሌሎቹ ቦቴዎችስ? ሌሎቹ ሾፌሮችም እንደ ባሬ መንገድ ላይ እየቀዱ ግማሽ ይዘው በዚያው ጠመዝማዛ ይመላለሱ የለም ወይ? እነሱ ለምን አልወደቁም? እጁ ከራሱ ቀድሞ ሦስት ስስ ጡቦች አነሣ፤ ሁለቱን በታንከሩ ወርድ፣ አንዱን በቁመቱ ተከላቸውና ግማሽ ውሃ ሞልቶ ለቀቀው። ውሃው በየክፍሉ ተወሰነ። መኪናው ሳይነቃነቅ ታጥፎ ወረደ።

ወልደሥላሴ የመፍቻ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠ።

ከሁለት ዓመት በፊት የባሬ ቦቴ ውሃው ዝገት ዝገት አለ ተብሎ ጋራዥ ገብቶ ነበር። የዛጉት ውሃውን የሚከፍሉት ሦስቱ የውስጥ ላሜራዎች ናቸው። አለቆች "ለሐሙስ ይውጣ" አሉ፤ አዲስ ላሜራ ደግሞ ከድሬዳዋ እስኪመጣ ሳምንት ይፈጃል። ወልደሥላሴ ታንከሩ ውስጥ ገብቶ ሦስቱንም በብየዳ ቆርጦ አወጣቸው። ላሜራው ሲመጣ እመልሳለሁ አለ። ላሜራው መጣ፤ የግቢው በር ተሠራበት። እሱም ደከመው፤ ማንም አልጠየቀው፤ ተወው። ይኸው ነው። ሌላ ታሪክ የለውም።

አፈረ። ሌላ ቃል የለም፣ አፈረ። "ሁሉም ደህና" ብሎ የፈረመባትን እጁን እያየ ቆየ።

ቤት ሲገባ ለአትጠገብ ነገራት። ሴትዮዋ ማማሰያዋን አስቀመጠችና አጠገቡ ተቀመጠች። መቼም በአሻንጉሊቱ ብትነተርከውም ክፉ ሰው አይደለችም።

"መውደቁን ልታሳያቸው ነው አይደል? አሳያቸው። ባሬም ነፃ ይውጣ። ስለ ላሜራው ማን ጠየቀህ? ሆድ ይፍጀው። ሁለት ዓመት ነው የቀረህ ወልዴ፣ ሁለት ዓመት! ያለ ጡረታህ ምን ልንበላ ነው?"

በስምንተኛው ቀን ቦቴውን በካርቶን፣ ሦስቱን ስስ ጡቦች በኪሱ አድርጎ ሄደ። ለምን በኪሱ እንዳደረጋቸው ቢጠየቅ አያውቅም።

የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ፋራህ ረጋ ያሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሚያኖሩ ሰው ናቸው። "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" ብለው ጀመሩ። ወልደሥላሴ ካርቶኑን ሲከፍት አባላቱ ተሳሳቁ፤ አንደኛው "አባባ፣ ጡሩንባስ አለው?" አለ። ባሬ ክንዱን እንዳቀፈ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ሶሲና ብቻ ብዕሯን አስቀምጣ ተጠግታ አየች።

ጣውላውን ጠረጴዛው ላይ አዘንብሎ ባዶውን ለቀቀ፤ ሙሉውን ለቀቀ፤ ሳቁ ቀጠለ። ግማሹን ሲለቅ መኪናው ጠረጴዛው ላይ ተዘረረና ውሃው የሶሲናን ወረቀት አጥለቀለቀው። ሳቁ ቆመ። አቶ ፋራህ "ድገመው" አሉ። ደገመው። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው "አንዴ ብቻ" አሉ። ደገመው።

"እሺ፣ ገባን" አሉ በመጨረሻ። "ያለ ፍጥነትም ይወድቃል። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ሌሎቹ ቦቴዎች በየቀኑ ግማሽ ይዘው በዚያው መንገድ ይመላለሳሉ። የባሬ ብቻ ለምን ወደቀ?"

"ሾፌሩ ነዋ!" አለ ያ ጡሩንባ ጠያቂ። "እንግዲህ ሌላ ምን ሊሆን ነው?"

ሁሉም ወደ ባሬ ዞሩ። ባሬ ወለሉን ያያል። ወልደሥላሴ አትጠገብን አሰበ፣ ሁለቱን ዓመታት አሰበ፣ ወገቡን አሰበ። ዝም ቢል ነገሩ እዚያው ባሬ ላይ ያርፋል፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው። እጁን ኪሱ ከተተ።

ሦስቱን ጡቦች ታንከሩ ውስጥ ተከላቸው፤ ግማሽ ውሃ ቀዳ፤ ለቀቀው። ቦቴው ታጥፎ ወርዶ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቆመ።

"የሌሎቹ ታንከሮች እነዚህ አሏቸው" አለ። "የባሬ ግን የለውም። እኔ ነኝ ቆርጬ ያወጣሁት። ሁለት ዓመት ሆነው። ልመልስ ብዬ ሳልመልስ ቀረሁ። ከአደጋው በኋላም ሁሉም ደህና ብዬ የፈረምኩት እኔው ነኝ።"

ሶሲና ደረቅ ወረቀት ፈልጋ ጻፈችው። ሲጨርሱ ባሬ ወደ ሥራው እንዲመለስ፣ ውሃውን ሸጠ የተባለውም ማስረጃ ስለሌለው እንዲሰረዝ ተወሰነ። ወልደሥላሴ ጉዳዩ እስኪታይ ከሥራ ይታገድ፤ ከመታገዱ በፊት ግን የቆረጠውን ይመልስ። ቅጣት ሲሰጡ እንኳ ሥራ ጨምረው ነው።

ውጭ፣ ከላሜራው የተሠራው የግቢው በር ጋ ሲደርሱ ባሬ ቆመ።

"አውቅ ነበር" አለ።

"ምኑን?"

"ከጋራዥ ካወጣኸው ቀን ጀምሮ። በታጠፍኩ ቁጥር ውሃው ጀርባዬን ይመታኝ ነበር፤ ሜዳ ላይ ስለሆነ ግን አልጣለኝም። ታንከሩ ውስጡ ላሜራ እንደሌለው ሾፌር በጀርባው ያውቃል።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"መጀመሪያ ላሜራው እስኪመጣ ብዬ። አንተ ደክሞሃል፣ አልጨቅጭቀው ብዬ።" ባሬ ደህናውን እጁን በሩ ላይ አሳረፈ። "ከወደቅኩ በኋላ ደግሞ ወዳጄን አንሥቼ ለኮሚቴ መስጠት አልሆነልኝም። አንተው ራስህ ትናገራለህ ብዬ ጠበቅኩ። ቤቴ የመጣህ ቀን ጠበቅኩህ። ስምንት ቀን ሙሉ ጠበቅኩህ፣ ወልዴ።"

ወልደሥላሴ "ያን ቀን ትዝ አላለኝም ነበር" ሊል አፉን ከፈተ። እውነትም ነበር። ግን የቆረጠ ዕለት ያውቅ ነበር፤ በሩ የተሠራ ዕለትም ያውቅ ነበር። አፉን ዘጋ፤ እንባው ግን አልታዘዘውም።

ላሜራው ከድሬዳዋ እንደ መጣ፣ ወልደሥላሴ ከአደጋው ተጎትቶ የመጣው ቦቴ ሆድ ውስጥ ሦስት ቀን ተኝቶ በየደ። ባሬ በግራ እጁ ገመዱን ያቀብለዋል፣ ኤሌክትሮድ ያቀብለዋል፣ ሲደክመው በክዳኑ በኩል ሻይ ያወርድለታል። በሦስተኛው ቀን ማታ መዶሻውን ወርውሮ ወጣ፤ ታንከሩን እስከ ግማሹ ሞሉት። የቦቴው መስታወት ረግፏል፣ በሩ ጎብጧል፣ ሞተሩ ግን ይነሣል። ባሬ መንዳት ስለማይችል ወልደሥላሴ መሪውን ያዘ፤ ባሬ ጎኑ ተቀመጠ፣ ጀርባውን ወንበሩ ላይ አጥብቆ አስጠጋ፣ ዓይኑን ጨፈነ።

ግቢው ውስጥ በግራ ታጠፉ። ከዚያ ጠበቅ አድርገው በቀኝ።

"ይመታሃል?" አለ ወልደሥላሴ።

ባሬ ዓይኑን ሳይገልጥ "አይመታም" አለ። "ዝም ብሏል።"

ወልደሥላሴ ሞተሩን አላጠፋም። አንድ ዙር ጨመረ።