ባለቀይ ኮፍያው አባባ

አሜሪካኖች ጉደኞች ናቸው። ግቢያቸው ዛፍ ላይ ለወፍ ትንሽ ቤት ይሰቅላሉ፣ ቀለብ ይሰፍራሉ፣ ያም አልበቃ ብሏቸው ማን መጥቶ እንደበላ የሚያይ ካሜራ ይገጥማሉ። የመጣችው ወፍ የትኛዋ እንደሆነች ለኮምፒውተሩ የምታስተምረው ደግሞ አዝመራ ገሰሰ ናት፤ አዲስ አበባ፣ ኦሎምፒያ፣ አንድ ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጣ።

በቀን ሁለት ሺህ ፎቶ ታያለች። ባዶ ከሆነ «ወፍ የለም» የሚለውን ትጫናለች። መጀመሪያ ሰሞን ይህን ባዩ ቁጥር ከአጠገቧ ከሚቀመጠው ከላጲሶ ጋር ይንከተከቱ ነበር፤ በሸገር ልጅ አፍ «ወፍ የለም» ማለት ምንም ነገር የለም፣ አትልፋ ማለት ነዋ! ዓመት ሲያልፍ ሳቁ ሟሸሸ። ከቦሌ አራብሳ ሁለት ታክሲ ቀያይራ ስትደርስ ገና ሳትጀምር ትደክማለች። ዓይኗ ይቆጠቁጣታል፤ ወገቧ የራሷ አይመስላትም። ባለፈው ወር ሦስት ቀን እረፍት ብትጠይቅ አለቃዋ ሊባኖስ «የደከመው ሁሉ ከተኛ ማን ሊሠራ ነው?» ብሎ መለሳት።

ድካሟን የሚያስረሷት አንድ ሰው ነበሩ። ካሜራ ቁጥር 418 ላይ የሚታዩ፣ ቀይ ኮፍያ ከራሳቸው የማይለይ ሽማግሌ። እህሉን ሲሞሉ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ግማሹ መሬት ይፈስሳል። ከንፈራቸው ሁልጊዜ ይንቀሳቀሳል፤ ወፎቹን ይስደቡ ይመርቁ ፎቶ አይናገርም። «እንዴት አደሩ አባባ?» ትላቸው ነበር በለሆሳስ።

አንድ ሰኞ ሽማግሌው ቀሩ። ማክሰኞም የሉም። ወፎቹ ባዶውን ሳህን ጠቅ ጠቅ አድርገው ሄዱ። በስምንተኛው ቀን አዝመራ አላስችል አላትና ከፎቶው ሥር ባለው የማስታወሻ ቦታ ላይ ጻፈች፤ «እባካችሁ የእኒህን ሰው በር አንድ ሰው ያንኳኳ። ወድቀው ይሆናል።»

በማግስቱ ሊባኖስ ጠራት። ይጮኽብኛል ብላ ስትጠብቅ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ይሄ ፎቶ መቼ የተነሳ ይመስልሻል?»

«ከትናንት ወዲያ ነዋ።»

«ባለፈው ጥቅምት ነው፣ አዝመራ። አሁን ግንቦት ነው።»

የሆነው ሁሉ ሆኖ ካለፈ ሰባት ወር! እግሯን እየጎተተች ተመልሳ የሚቀጥለውን ከፈተች። አንዲት ጎልማሳ ሴት፣ ዓይኗ አብጦ፣ ቀዩን ኮፍያ ደረቷ ላይ ይዛ፣ በሌላው እጇ የወፎቹን ቤት ከዛፉ ስታወርድ ትታያለች። ከ418 የመጣው የመጨረሻው ፎቶ ይኸው ነበር።

አዝመራ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ላጲሶ ደንግጦ ትከሻዋን ያዛት።

«ምነው? ማን ሞቶብሽ ነው?»

«አባባ...» አለች።

ይቺ አንዲት ቃል ፎቁን ሁሉ አዳረሰች። የአዝመራ አባት አረፉ ተባለ። ወንበር ተገፋ፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ተባለ፣ ውኃ ቀረበ። ያ ደረቁ ሊባኖስ እንኳ ዓይኑን እየጠራረገ የፈቃድ ቅጽ ይዞ መጣ። «በዪ፣ ሥራው ይደርሳል። ሦስት ቀን አለሽ፤ እኔ ሞልቼልሻለሁ፣ አንቺ ፈርሚ ብቻ።»

ሦስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ! ሰውነቷ ሁሉ ፈርሚ ፈርሚ አላት። እስክሪብቶውን አንስታ ልትፈርም ስትል «የሟች ስም» ከሚለው ጎን የተጻፈውን አየች፤ ገሰሰ። ጠዋት «ጃንጥላሽን እንዳትረሺ» ብሎ የሸኛት አባቷ። በቁሙ! ስሙን ደጋግማ ሰረዘችው።

«አባቴ ደህና ነው።»

«እና የሞተው ማነው?» አለ ሊባኖስ፣ ግራ ገብቶት።



«ስማቸውን አላውቅም» አለች፤ ልቅሶዋን ግን አልተወችም።