በወፍጮ ቤቱ በኩል

የአዴ ወርቅቱ ወፍጮ ቤት ከአምቦ ወጣ ብሎ፣ ወደ ጌዶ ከሚወስደው አስፋልት ገባ ባለ ኮረኮንች ላይ፣ ከአእምሮ ሕክምናው ግቢ የኋላ አጥር ሥር ነው። ከተማው መሐል ከእሱ የሚቀርቡ፣ ዱቄታቸውም የሚልቅ ወፍጮዎች ሞልተዋል። ሆኖም ሰው ከየሰፈሩ በወር አንዴ አምስት ኪሎ በቆሎ በፌስታል አንጠልጥሎ ወደዚያ ይሄዳል። እህሉን ያስረክባል፤ “እስኪፈጭ እግሬን ላፍታታ” ይላል፤ ከዚያ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለው ባሕር ዛፍ ውስጥ ይሰወራል። እዚያ አጥሩ ላይ ጎንበስ ያለ ሰው የሚያሾልክ ቀዳዳ አለ። ከሁለት ሰዓት በኋላ መርፌውን ተወግቶ፣ ወይም እናቱን አስወግቶ፣ ዱቄቱን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ማንም ማንንም አላየም። ግቢው ውስጥ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግተው የዋሉ ጎረቤታሞች በማግስቱ መንገድ ላይ ሲገናኙ የሚጠያየቁት ስለ ዱቄት ነው።

“ደቀቀልህ?”

“ደቀቀልኝ፤ ለአንተስ?”

ኤልያቄም ከአዴ ወርቅቱ ታማኝ ደንበኞች አንዱ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ይሠራል። የእጅ ጽሑፉ ስለሚያምር፣ ሰው የተናገረውንም ከተናገረው በላይ አሳምሮ ስለሚጽፍ፣ ከተማው ውስጥ ኮሚቴ በተቋቋመ ቁጥር ጸሐፊ ሆኖ ይመረጣል። ጸሐፊ አይናገርም፤ ሌላው ሲናገር ያጎነብሳል። ይህ ለኤልያቄም ተስማምቶት ኖሯል። በ2016 ዓመተ ምሕረት የአእምሮ ሕክምናውን ግቢ መልሶ የሚያለማ ኮሚቴ ሲቋቋምም፣ ማንም ሳይጠይቀው እስክሪብቶውን ይዞ ተገኘ።

ኮሚቴው የማያውቀው፣ ወይም ኤልያቄም አያውቅም ብሎ የሚያስበው፣ የወንድሙን ነገር ነው። ታላቅ ወንድሙ ኢፋ ጌዶ ላይ ሒሳብ ያስተምር ነበር። ታሞ ሥራውን አቆመ፤ ከዚያ በየወሩ በሚወጋት መርፌ ቀጥ ብሎ ቆመ። ይኸው አራት ዓመት፣ ቤት ውስጥ አሥራ አንድ ልጆች ሰብስቦ ሒሳብ ያስጠናል። ኤልያቄም ደግሞ ወላጆቹ ከሰሙ ከአሥራ አንዱ አንድም አይመጣም ብሎ ይፈራል። የግቢው የፊት በር አስፋልቱ ላይ፣ ታክሲ መቆሚያው ፊት ለፊት ነው። እዚያ የወረደን ሰው ከእጃጂ የመጣውም ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውም በመስኮት ያየዋል። ስለዚህ ወንድሙን አንድ ቀን እንኳ በፊት በር አስገብቶት አያውቅም። አራት ዓመት ሙሉ በቆሎ ሲበሉ ኖሩ።

የግቢውን አዲስ ንድፍ የሠራችው አርክቴክቷ ለንሳ ናት። የአምቦ ልጅ ናት፤ ተምራ፣ አዲስ አበባ ሠርታ የተመለሰች። ንድፉ ያምራል። የፊት በሩ ሰፊ ነው፤ እንግዳ መቀበያው መስታወት ነው፤ የቀረውን ዙሪያ ሁለት ሜትር ተኩል የድንጋይ አጥር ይከብበዋል። ተቋራጩም ሥራ ወዳድ ሆነና፣ ንድፉ ገና ሳይጸድቅ፣ ቀዳዳውን በቆርቆሮ ጠርቅሞ ዘጋው።

ያ በሆነ በሳምንቱ የኢፋ ቀጠሮ ደረሰ። ኤልያቄም መጀመሪያ ብቻውን ሄዶ ቆርቆሮውን ገፋ ገፋ አደረገው። ቆርቆሮው የኮንትራት ሥራ አይመስልም፤ ጠንካራ ነው። ሲመለስ አዴ ወርቅቱ በዱቄት የነጣ ነጠላቸውን እያራገፉ በር ላይ ቆመው አገኛቸው።

“ኤልያቄም፣ ነጋ ጅርታ? የእናንተ ቤት በቆሎ ዘንድሮ አላፈራም እንዴ?”

“ይመጣል፣ አዴ።”

“እንጃ እንግዲህ። ወፍጮዬ ሥራ ፈታ። የአምቦ ሰው እህል መብላት የተወ መሰለኝ” አሉና አጥሩን ሳያዩ፣ ግን ወደ አጥሩ ዞረው፣ “ሆድ ሳይበላ ስንት ቀን ይቆያል?” ብለው ጨመሩ።

ኤልያቄም ቤት ገብቶ ለኢፋ፣ “መድኃኒቱ አልገባም አሉ። ለሳምንት” አለው። በሳምንቱም እንዲሁ አለው። ሁለተኛው ሳምንት ሲያልቅ ኢፋ እንቅልፍ አነሰው። ልጆቹን ሲያስጠና ከአንዱ ጥያቄ ወደ ሌላው መዝለል ጀመረ፤ የግድግዳውን ቀን መቁጠሪያ ገልብጦ ጀርባውን በቁጥር ሞላው። ኤልያቄም ይህን ምልክት ያውቀዋል። ያለፈውም ጊዜ የጀመረው በቀን መቁጠሪያው ነበር።

ሐሙስ ላይ የሕዝብ ምክክር ተጠራ። በዚያ ቀን ንድፉ ከጸደቀ፣ ሰኞ ድንጋዩ ይደረደራል።

ምክክሩ የተካሄደው በግቢው አዳራሽ ነው። ሰባ የሚሆን ሰው መጣ። አዴ ወርቅቱ መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። ሰብሳቢው ኦቦ ተሬፋ መድረኩ ላይ ካባ የሚመስል ኮታቸውን አስተካክለው ተነሡ። ከመዝገብ ቤት የተገኘ አሮጌ ፕላን ዘርግተው፣ “ይህ ግቢ ሲሠራ አምቦ ገና ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር። እስከ ዛሬ በር በሩን ስንል፣ በር ሳይኖረን ኖርን። አሁን በር የሚባል በር ይኖረናል” አሉ። ተጨበጨበላቸው። ኤልያቄም ጻፈ።

ለንሳ ተነሥታ ማይኩን ያዘች።

“እኔ መስማት የምፈልገው ከታካሚና ከአስታማሚ ነው። እዚህ ግቢ የምትመላለሱ እስኪ እጃችሁን አውጡ።”

አንድ ሰው ሳለ። አንዲት ሴት የቦርሳዋን ዚፕ ከፈተችና ዘጋች። እጅ የሚባል አልወጣም።

“አንድም ሰው?”

“እኛ የመጣነው በነዋሪነት ነው” አሉ አንድ ሽማግሌ። “ግን ጎረቤቴ እንደነገሩኝ፣ አራት ቁጥር ክፍል በር ላይ ያለው አግዳሚ አንድ እግሩ አጭር ነው አሉ።”

“የግራው እግር” አለ ከፊት የተቀመጠ ጎልማሳ። “ነው ይባላል።”

“መጸዳጃው ከውስጥ አይቆለፍም ተብሏል” አለች ዚፕ ስትከፍት የነበረችው ሴት።

“በድንጋይ ደገፍ ቢደረግ ይይዛል። ድንጋዩ ከበሩ ጀርባ አለ” አለቻት ሌላዋ፤ ከዚያ ቶሎ ብላ፣ “ይላሉ” አለች።

“ካርድ የምታወጣዋ ልጅ ዐሥር ሰዓት ሳይሞላ መስኮቱን ትዘጋለች ሲባል ሰምቻለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ይብሳል አሉ።”

ለንሳ ማስታወሻዋን አጠፈች። “ይህን ሁሉ የነገራችሁ ማን ነው?”

“ጎረቤት።”

“የሁላችሁም ጎረቤት አንድ ሰው ነው?”

አዳራሹ ሳቀ። ኤልያቄም ግን መሳቅ ተስኖት፣ “ተብሏል” የሚለውን ቃል ለሰባተኛ ጊዜ እያሰፈረ ነበር።

“ይሁን” አለች ለንሳ። “እኔም የምጠይቀው አንድ ነገር አለኝ። የጥበቃው መዝገብ በቀን ዘጠኝ ሰው ገባ ይላል። ካርድ ክፍሉ ደግሞ በቀን ስድሳ ሰው ታከመ ይላል። ሃምሳ አንዱ በየት ገባ? ደግሞ የኋላው አጥር በቆርቆሮ ከተዘጋ ወዲህ ካርድ ክፍሉም ዘጠኝ፣ ዐሥር ሰው ነው የሚያየው። ሃምሳው የት ሄደ?”

ሰባ ሰው ጫማውን አየ። ኦቦ ተሬፋ ግን ኮሚቴ ሲመሩ ሃያ ዓመታቸው ነው፤ ጸጥታ አይወዱም። ማይኩን ወደ ራሳቸው አቀረቡ።

“መልሱ ግልጽ ነው። ድነዋል ማለት ነው። ገና መሠረት ሳንጥል ሃምሳ ሰው መዳኑ ራሱ ትልቅ ውጤት ነው። ጸሐፊ፣ ይህ ቃለ ጉባኤ ላይ ይያዝልኝ። ቀጥሎ ንድፉን በእጅ ብልጫ እናጸድቃለን።”

ኤልያቄም “ሃምሳ ሕሙማን” ብሎ ጻፈ። በሕይወቱ ስንት ያልተባለ ነገር እንደተባለ፣ ስንት ያልተደረገ ነገር እንደተደረገ አድርጎ ጽፏል። “ድነዋል” የሚለው ላይ ሲደርስ ግን እጁ ቆመ። ከሃምሳዎቹ አንዱ ጧት ቤት ሲተወው ቀን መቁጠሪያው ሞልቶበት ግድግዳው ላይ እየጻፈ ነበር።

“ጻፍክ?” አሉ ኦቦ ተሬፋ።

“አልጻፍኩም።”

“ለምን?”

ኤልያቄም ተነሣ። ስብሰባ ላይ ቆሞ ስለማያውቅ ወንበሩን ጥሎት ተነሣ። “አልዳኑም፣ ኦቦ ተሬፋ። የሚገቡት ከኋላ ነበር፤ በወፍጮ ቤቱ በኩል። አጥሩ ላይ ቀዳዳ ነበር። እሱ ሲዘጋ ቀሩ።”

“አንተ በምን አወቅህ?”

“ጎረቤት” የምትለዋ ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ተዘጋጅታ ትጠብቀው ነበር። ዋጣት።

“እኔም የምገባው በዚያ ነው። ወንድሜ ኢፋ ታካሚ ነው። አራት ዓመት ተመላልሰናል። አሁን ሁለት ሳምንት አልፎታል፤ እያመመው ነው። አጥሩ ከተሠራ የት እንደምናደርሰው አላውቅም።”

ይህን ብሎ የሚቀመጥበት ፈለገ፤ ወንበሩ የለም። ቆሞ ቀረ። ሰው ሁሉ የሚያየው ይመስለዋል፤ ሰው ግን አሁንም ጫማውን ነበር የሚያየው። እኚያ አግዳሚው እግሩ አጭር ነው ያሉት ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“ቀዳዳው ግን ሰው ደግፎ ለሚገባ አይመችም። ባለቤቴን አስቀድሜ አሾልኬ፣ እኔ ደግሞ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ እግሬን አስቀድሜ ነው የምገባው። ሽቦው ሁለት ኮት ቀዶብኛል።”

“ክረምት ላይ ጭቃ ነው” አለች የዚፑ ሴት፤ “ይባላል” አላለችም።

“ቁመት የለውም። እኔ ረጅም ነኝ።”

“መቀመጫ ቢኖረው፤ እናቴ እዚያ ስትደርስ ይደክማታል።”

ከኋላ አዴ ወርቅቱ ከተቀመጡበት ሳይነሡ፣ “መንገዱን ካነጠፋችሁልኝ በወፍጮ ቤቴ በኩል ማለፉን አልከለክልም። ሰው በቆሎ ይዞ መምጣት ከፈለገም እፈጫለሁ፤ ካልፈለገም ባዶ እጁን ይለፍ” አሉ።

ለንሳ ጠረጴዛው ላይ ንድፏን ዘርግታ በእርሳስ መሣል ጀመረች። ሰው ከብቦ ያሳያት ጀመር። ኦቦ ተሬፋም ከመድረክ ወርደው በሰው ትከሻ መሐል አንገታቸውን አስገቡ።

“ወደ ግራ ነው መስፋት ያለበት” አሉ። “በቀኝ በኩል ጉቶ አለ። ያደናቅፋል።”

ለንሳ ቀና አለች። “የምን ጉቶ?”

ስለ ጉቶ ያወራ ሰው አልነበረም። ኦቦ ተሬፋ ከጠረጴዛው ላይ የተገኘውን ብርጭቆ አንሥተው ውኃውን ጨለጡት፤ ውኃው የኤልያቄም ነበር።

የኋላው በር ጸደቀ፦ ጣሪያ ያለው፣ ሁለት አግዳሚ ያለው፣ ሰውን ደግፎ የሚያስገባ ስፋት ያለው። ኦቦ ተሬፋ ትልቅ ሰሌዳ ይሰቀልበት፣ በሪባንም ይመረቅ አሉ። ሰባ ሰው በአንድ ድምፅ አይሆንም አለ። ኤልያቄም ይህን ሁሉ ቃል ሳይጨምር ጻፈና ወደ ቤቱ ሄደ።

ኢፋ ግድግዳው ላይ የጻፈውን በእርጥብ ጨርቅ ለማጥፋት ሲታገል ደረሰበት። ኤልያቄም ከመጀመሪያው ጀምሮ የሆነውን ነገረው። ስሙን ሕዝብ ፊት እንደጠራም ነገረው። ኢፋ ጨርቁን ይዞ አዳመጠና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

“መድኃኒቱ ነበረ?”

“ነበረ።”

“ሁለቱንም ሳምንት?”

“ሁለቱንም።”

ኢፋ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ቃላቱ እየተጣደፉ ቢመጡበትም አንድ በአንድ ሊያወጣቸው ሞከረ። “እኔ ዓለም በሙሉ መድኃኒት ያለቀበት መስሎኝ፣ ራሴን ለማቆየት ቁጥር ስቆጥር ከረምኩ። አንተ ለእኔ ብለህ ነው? ልጆቹ እንዳይቀሩ?”

“አዎ።”

“ኤሉ፣ ከአሥራ አንዱ የስድስቱ እናቶች ወረፋ የሚይዙልኝ እዚያው ግቢ ውስጥ ናቸው። ያመጧቸውም እዚያ አውቀውኝ ነው። አንተ ዱቄቱን ስትቀበል እኛ ክፍያና ሰዓት እንነጋገራለን።”

ኤልያቄም ሊስቅም ሊያለቅስም ቃጣው፤ ሁለቱንም አላደረገም። “በሩ እስኪሠራ ግን ወር ይፈጃል” አለ።

“ነገ በፊት በር ነዋ።”

በነጋታው ሚኒባስ ተሳፈሩ። በቆሎ አልያዙም፤ ኤልያቄም እጁን የሚያደርግበት ጠፋው። መቆሚያው ጋ ሲደርሱ ሾፌሩ እንደ ልማዱ፣ “እብድ ቤት ወራጅ አለ?” አለ።

“ሁለት” አለ ኢፋ።

ሾፌሩ በመስታወት አየውና አንገቱን ሰበረ። “መምህር፣ አንተ ነህ እንዴ። ይቅርታ። ያ የእኔ ልጅ ክፍልፋይ አሁንም አልገባውም።”

“ለሳምንት አርፌ እጀምራለሁ። ላከው።”

ሲስተር ጣቢታ የመርፌ ክፍሉ መስኮት ላይ የኢፋን ካርድ ገልጣ ቀኑን አየች፤ ከዚያ ሁለቱን አየች።

“አሥራ ስድስት ቀን ዘግይቷል። ለምን?”

“መድኃኒት የለም ብዬው ነው” አለ ኤልያቄም። “ዋሽቼው። በዚህ በር መግባት አፍሬ።”

ሲስተር ጣቢታ ቅጹን እየጎተተች፣ “እንዲህ የሚል ሣጥን የለኝም” አለች። “ያለው መጓጓዣ፣ ሌላ ሕመም፣ ለቅሶ ነው። ከሦስቱ አንዱን ምረጡ።”

ኢፋ እጅጌውን መሰብሰብ ጀምሯል። ወደ ወንድሙ በአገጩ ጠቆመ።

“ለቅሶ በዪው። ፊቱን እስኪ እዪልኝ።”