በሰው አገር ቀብር

በሰሜን ጣሊያን የበርጋሞ ሰው የሚያውቀው ተራራ ነው። ፒየሪናም ሰባ ዓመት ሊሞላት ጥቂት እስኪቀራት ድረስ መርከብ ላይ ወጥታ አታውቅም፤ ልውጣ ብላም አስባ አታውቅም። ትኬቱን ቆርጣ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠችላት ልጇ ሲሞና ናት።

«እማዬ፣ አባዬ ከሞተ ወዲህ ከዚህ ቤት የወጣሽው ለገበያና ለቅዳሴ ብቻ ነው» አለቻት። «አንድ ሳምንት ነው። ትሄጃለሽ፣ ትመለሻለሽ፣ ከዚያ እንደፈለግሽ ትሰድቢኛለሽ።»

ፒየሪና ጉልበቷን አመካኘች፤ ድመቷን ማን ያበላታል አለች። በመጨረሻ ግን ልጇን ላለማስከፋት ስትል ሻንጣዋን ይዛ ከጄኖቫ ተሳፈረች።

ባሏ ባቲስታ የሞተው በዚያ በኮሮና ወረርሽኝ መጋቢት ነበር። አምቡላንስ ሊወስደው ሲመጣ ደረጃው ላይ ቆም ብሎ ጃኬቱን እንድታቀብለው ጠየቃት፤ አቀበለችው። ከዚያ ወዲህ ዓይኗ አላየውም። አስከሬኑ ከብዙ ሣጥኖች ጋር በወታደር መኪና ተጭኖ ሊቃጠል ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ እንኳ የሰማችው በስልክ ነው። ከሳምንታት በኋላ አመዱ በትንሽ ዕቃ ሆኖ ሲመጣላት ቄሱ ፊታቸውን ሸፍነው፣ ከሩቅ ቆመው ጸለዩና ሄዱ። ጎረቤት አልመጣም፤ መምጣት ክልክል ነበር። ሰው ደጃፏን ሳይረግጥ፣ ማንም እጇን ሳይጨብጥ ለቅሶው ለቅሶ ሳይሆን ቀረ።

ፒየሪናም አላለቀሰችም። ሲሞና እናቷ ጠንካራ ስለሆነች ይመስላት ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። የባሏን ሣጥን ተከትላ ያልሄደች ሴት መሞቱን በምኗ ትመነው? በራፍ ላይ የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር ከመቀመጫዋ ብድግ ትላለች። እርሟን አላወጣችም።

መርከቡ ሲሲሊ፣ መሲና ላይ ሲቆም ለአጭሩ ጉብኝት ተመዘገበች። ጠዋት በአውቶቡስ ሮካማራ ወደምትባል ተራራ ላይ ወዳለች መንደር መውጣት፣ ቤተ ክርስቲያኑን ማየት፣ የሎሚ በረዶ መቅመስ፣ ከቀትር በኋላ መመለስ። ብዙ የሚያስኬድ አይደለም ስላሏት ነው የመረጠችው። አስጎብኚዋ አግሪፒና ትባላለች፤ ፈጠን ፈጠን የምትል፣ ቁጥር የተለጠፈበት ዱላ ከፍ አድርጋ የምትሄድ ቀጭን ሴት ናት። ሾፌሩ ቲንዳሮ ደግሞ ሆዱ መሪውን የሚነካ ጨዋታ ወዳድ ሰው ነው። ፒየሪና ለጉልበቷ ብላ ከኋላው ተቀመጠች።

«ከየት ነዎት ሲኞራ?»

«ከበርጋሞ።»

«አሃ፣ ገንፎ በላ!»

«አዎ፣ እናንተ ደቡቦች እንደምትሉን ገንፎ በላ ነኝ። አንተ ግን መሪውን በሁለት እጅህ ያዝ።»

«በሁለት እጄ ከያዝኩት በምን ላወራዎት ነው?»

ፒየሪና ሳታስበው ሳቀች። መንገዱ እየተጠመዘዘ ሲወጣ ባሕሩ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ብቅ ይላል። ቲንዳሮም አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ እጁ እያመለከተ ወሬውን ቀጠለ። የሰሜን ሰው ሲሲሊን ሰው አገር እንደሚላት ያውቃል፤ የእነሱም ሰው በርጋሞ ሲሄድ ከብርዱ የተነሣ ሌላ ዓለም የሄደ እንደሚመስለው አጫወታት።

ሮካማራ ሲደርሱ አውቶቡሱ አደባባዩ አፍ ላይ ቆመ። ደወል ይደወላል። አንድ ምት፣ ዝምታ፣ ደግሞ አንድ ምት። ፒየሪና ማንም ሳይነግራት ገባት። እንዲህ ያለው የቀብር ደወል በርጋሞም ሮካማራም አንድ ነው። በዚያ መጋቢት የበርጋሞ አብያተ ክርስቲያናት ለእያንዳንዱ ሟች መደወሉን ትተው እንደነበርም ትዝ አላት፤ ቢደውሉ ኖሮ ቀኑን ሙሉ ባላባራ ነበር።

አግሪፒና ከአንድ የመንደሩ ሰው ጋር ተነጋግራ ተመለሰችና ይቅርታ ጠየቀች። የመንደሩ ፀጉር አስተካካይ የነበሩት ሽማግሌ፣ ማስትሮ ሌተሪዮ ሞተው ኖሮ ቀብራቸው አሁን ነው። ቤተ ክርስቲያኑን ማየት አይቻልም፤ ቀብሩ እስኪያልፍ መንገደኛው ሁሉ ቡና ቤት ቁጭ ብሎ ይጠብቅ አለች። ከኖቫራ የመጣ የገለባ ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ ለሽርሽር እንጂ ሬሳ ለማየት እንዳልመጣ አጉረመረመ። ሌሎቹ ወደ ሎሚ በረዷቸው አዘገሙ።

ፒየሪና አልተከተለቻቸውም፤ አንድ የድንጋይ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች።

ሣጥኑ ከቤተ ክርስቲያኑ ሲወጣ የመንደሩ ሱቆች ሁሉ ለሟቹ ክብር መዝጊያቸውን ግማሽ ድረስ አወረዱ። ከሣጥኑ በስተኋላ የተሰለፈው ሰው ግን ጥቂት ነበር። የሮካማራ ወጣት ያለው ጀርመን ነው፣ ቤልጂየም ነው። ከሟቹ ሁለት ልጆች አንደኛው ብቻ ከቤልጂየም ደርሷል፤ አውስትራሊያ ያለው አልደረሰም። ወደ መቃብሩ የሚያወርደው መንገድ ደረጃ ስለሆነ መኪና አይሄድበትም፤ ሣጥኑን በትከሻ መሸከም ግድ ነው። ተሸካሚዎቹ ከልጁ በቀር ሁሉም ሸምግለዋል፤ ከመካከላቸው አንዱ ገና የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ተንገዳገደ።

«ቲንዳሮ!» አለ አንዱ ሽማግሌ ወደ አውቶቡሱ እያየ። «ምን ትጠብቃለህ? ትከሻህን አምጣ እንጂ!»

ቲንዳሮ በየሳምንቱ ቱሪስት ይዞ ስለሚመጣ መንደርተኛው ሁሉ ያውቀዋል። ሲጋራውን ጣለ፣ ኮፍያውን አውልቆ ኪሱ ከተተ፣ ከሣጥኑ ሥር ገባ። አግሪፒና ሰዓቷን አየችና ዱላዋን አወረደች።

የፒየሪና እግር ያኔ ነው የተነሣው። አስባበት አይደለም። ሣጥኑ በፊቷ አልፎ፣ ጥቁር የለበሱት ሴቶች ካለፉ በኋላ፣ ከሁሉም ኋላ ሆና ስትራመድ ራሷን አገኘችው። ጉልበቷ በየደረጃው ቢያማትም አልቆመችም። የለበሰችው አበባ አበባ ያለበት ሸሚዝ ስላሳፈራት ጥቁር ሰማያዊ ሹራቧን ደርባ እስከ አንገቷ ቆለፈችው።

ከሣጥኑ ቀጥሎ የምትሄደው የሟቹ ሚስት ዶና ቬኔራ ናት፤ ሰማንያን ያለፈች አጭር ሴት። መታጠፊያው ላይ ተሸካሚዎቹ ትንፋሽ ሊሰበስቡ ሲቆሙ ዘወር አለችና ከሴቶቹ ኋላ የማታውቀውን ፊት አየች። ሰው እየገፋች ወደ ኋላ መጣች።

«አንቺ የማን ወገን ነሽ?»

ፒየሪና የሰው ገበታ ላይ ሳትጠራ የተቀመጠች ያህል ፊቷ ቀላ። «የማንም አይደለሁም፣ ሲኞራ። ከመርከብ ነኝ። ይቅርታ፣ ካስቸገርኩ ልመለስ።»

«ሌተሪዮን ታውቂዋለሽ?»

«አላውቃቸውም።» ቀጥሎ የሚባለው ነገር ሊወጣ አልፈለገም፤ ለሲሞና እንኳ ብላው አታውቅም። «ባሌ በወረርሽኙ ጊዜ ነው የሞተው። በመኪና ጭነው ወሰዱት። ከኋላው አልሄድኩም። ማንም አልሄደም።»

ዶና ቬኔራ ቀና ብላ አየቻት። እግዜር ያጽናሽም፣ አይዞሽም አላለቻትም።

«ስሙ ማን ነበር?»

«ባቲስታ።»

«እንግዲያው ከኋላ ምን ትሠሪያለሽ? ነይ፣ እኔ ዘንድ።» እጇን በፒየሪና ክንድ አስገባችና ወደ ፊት ወሰደቻት። ሴቶቹ መንገድ ለቀቁላቸው። አንዷ ከራሷ ላይ ጥቁር ሻሽ ፈታ ፒየሪናን አከናነበቻት። እንደዚህ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ቀሪውን ደረጃ ወረዱት፤ የበርጋሞዋ ሴት ለጉልበቷ፣ የሮካማራዋ ሴት ለዕድሜዋ ስትል አንዷ ሌላዋን ተደገፈች።

መቃብሩ በግንብ ውስጥ እንደ መሳቢያ በመደዳ የተሠራ ነው። ሣጥኑን ወደ ውስጥ ከመግፋታቸው በፊት ቤተሰቡ እየቀረበ በእጁ ነካው፤ ልጁ ግንባሩን አስነክቶ ረጅም ጊዜ ቆየ። ዶና ቬኔራ ተራዋ ሲደርስ የፒየሪናን እጅ ሳትለቅ ቀረበችና መዳፏን እንጨቱ ላይ አኖረች። የፒየሪናንም መዳፍ አጠገቡ አስቀመጠችው። ከዚያ ጓዳ ያለ ሰው እንደምትጠራ ሁሉ በተራ ድምፅ ተናገረች።

«ሌተሪዮ፣ ስማኝ። እዚያ ባቲስታ የሚባል የበርጋሞ ሰው ፈልግ። ስታገኘው፣ ሚስትህ እስከ መቃብር ተከትላሃለች በለው። አየኋት በለው። ጢሙንም ላጨው፤ ያን ጊዜ የሚላጨው ሰው አልነበረም።»

ፒየሪና ያን ጊዜ አለቀሰች። በመጀመሪያ ድምፅ አልነበረውም፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር። በኋላ ግን ለዓመታት የታመቀው ሁሉ ገንፍሎ ወጣ። ማንም ዝም በይ አላላትም። ሴቶቹ ከበቧት፤ እያንዳንዳቸው እጇን ጨበጡ፣ ጉንጯን ሳሙ፤ እንደ ወንድም ሚስት፣ እንደ አክስት ልጅ አድርገው አጽናኗት። ግንበኛው ጡቡን አንድ በአንድ እየደረደረ ክፍቱን ሲዘጋ እስከ መጨረሻው ጡብ ቆማ አየች። የመጨረሻው ጡብ ሲገባ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ባቲስታ ሞቷል። ተቀብሯል። ነፍሱን ይማረው።

እንባዋን ጠርጋ ቀና ስትል አግሪፒናን የመቃብሩ በር ላይ አየቻት። ዱላዋን አጥፋ ብብቷ ሥር ይዛለች። ፒየሪና ሰዓቱ ትዝ ሲላት ደነገጠች፤ ሰውን ሁሉ እንዳስቀረች፣ መርከቡም ጥሏቸው እንደሚሄድ አስባ ይቅርታ ለመጠየቅ ተጣደፈች።

«ሲኞራ፣ ይረጋጉ» አለቻት አግሪፒና። «ሾፌሬም እዚህ ነው። ያለ እሱ ማን የት ይሄዳል?» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጨመረች። «ልፈልግዎት መጥቼ ነበር። ሳገኝዎት ልጠራዎት አልቻልኩም።» ዓይኖቿ ቀልተው ነበር። እሷም በዚያው ዘመን ያጣችው ሰው ይኖር እንደሆን ፒየሪና አልጠየቀቻትም፤ ክንዷን ያዝ አደረገችና ለቀቀቻት።

የሐዘን ቤት እሳት ስለማይነድበት ጎረቤቶች ለዶና ቬኔራ የዶሮ ሾርባ ሠርተው ጠብቀዋል። ፒየሪና ሳትቀምስ መሄድ አይሆንም ተባለ። ቲንዳሮና አግሪፒናም ጭምር ደጃፉ ላይ ቆመው በየስኒው ጠጡ። ሻሹን ልትመልስ ስትፈታው የሻሹ ባለቤት እምቢ አለች፤ ባል የቀበረች ሴት ራሷን ገልጣ አትሄድም ብላ መልሳ አሠረችላት። ዶና ቬኔራ የስልክ ቁጥሯን አግሪፒናን አስጽፋ ለፒየሪና ሰጠቻት።

«ደውይልኝ» አለቻት። «ልጄ ነገ ተነገ ወዲያ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ነው ቤቱ የሚከብደው። አንቺ ታውቂዋለሽ።»

«አውቀዋለሁ። እደውላለሁ።»

ወሬው ቡና ቤት ለጠበቀው መንገደኛ ሁሉ ደርሶ ነበር። የገለባ ባርኔጣው ሰውዬ ፒየሪና ስትገባ ተነሥቶ እጇን ይዞ ደግፎ አስቀመጣት፤ ባርኔጣውን በሌላ እጁ ይዞት ነበር። ቲንዳሮ ያንን ጠመዝማዛ መንገድ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ወረደ። ወደብ ሲደርሱ የመርከቡ መወጣጫ መሰላል ገና አልተነሣም። ፒየሪና ስትወርድ ምን ብላ እንደምታመሰግነው ጨነቃት፤ ገንዘብ መስጠት ስድብ ይሆናል። ትከሻውን፣ ሣጥኑ ያረፈበትን፣ በመዳፏ ቸብ ቸብ አደረገችው።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ልጄ።»

«ደህና ይግቡ፣ ሲኞራ። ለሰሜን ሰው በደንብ አለቀሱ» አላት።

እንባዋ ሳይደርቅ ሳቋ መጣ።

ማታውን ለሲሞና ደወለችላት። ሲሞና ድምፅዋን ስትሰማ የታመመች መስሏት ደነገጠች። ፒየሪና ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻት፤ ደወሉን፣ ደረጃውን፣ መሳቢያ የመሰለውን መቃብር፣ ሴትየዋ ለሟቹ የላከችበትን መልእክት። በመጨረሻ ሁለቱም አለቀሱ፤ አብረው ሲያለቅሱ የመጀመሪያቸው ነበር። ፒየሪናም ልጇን ስለ ትኬቱ አመሰገነቻት፤ ልሰድብሽ ብዬ ነበር የወጣሁት፣ ግን ተባረኪ አለቻት።

ከዚያ ወዲህ ፒየሪና እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ወደ ሮካማራ ትደውላለች። አንዷ የበርጋሞ ንግግሯን፣ ሌላዋ የሲሲሊ ንግግሯን ስትቀላቅል ግማሹ አይገባቸውም፤ ዶና ቬኔራ ከተናደደች ደግሞ ሙሉው ይጠፋል። ስለ ጉልበት ያወራሉ፣ ስለ ልጆች ያወራሉ፣ ስለ ባቲስታና ስለ ሌተሪዮም ያነሣሉ። የመኪና ድምፅ ስትሰማ ብድግ ማለቱ ቀርቶላታል፤ ማታ እንቅልፍ ይወስዳታል፣ ጠዋት ስትነሣ ተመስገን ትላለች።

ክረምቱ ሲገባ ሲሞና ለሚመጣው ዓመት ሌላ መርከብ ልቁረጥልሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት።

«መርከቡ ይቅርብኝ» አለች ፒየሪና። «እዚያ የሚቆመው ለግማሽ ቀን ብቻ ነው። ባቡሩን ጠይቂልኝ፤ ቬኔራ አልጋ አለኝ ብላለች።»