በዓይን የሚታይ ግስ

ሃያ ሁለት ዓመት ደም መቅዳት ሳስተምር እንደ ዘንድሮ ግራ ገብቶኝ አያውቅም። የኮሌጁ ጥራት ክፍል እያንዳንዱ መምህር የኮርሱን «የመማር ውጤት» ጽፎ ያምጣ አለ። ተማሪው ኮርሱን ሲጨርስ ምን መሥራት እንደሚችል ጻፉ ማለት ነው። ይኼ ምን ይከብዳል ብዬ «ተማሪው ታካሚን ያረጋጋል» ብዬ ጀመርኩ።

የክፍሉ ኃላፊ፣ በሌለበት «ሚዛኑ» የምንለው ሰውዬ፣ በቀይ ሰረዘው።

«መረጋጋት በምን ይለካል? በዓይን የሚታይ ግስ ያምጡ» አለኝ።

ክፉ ሰው አይደለም። ግን ማወቅ ብል አይሆንም፣ መረዳት ብል አይሆንም። በአራተኛው ቀን ታከተኝና «ተማሪው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ደም ይቀዳል» ብዬ ፈረምኩ። እሰይ ብሎ ማኅተሙን መታበት። ተገላገልኩ ብዬ ሻይ ጋበዝኩት፤ ሞኝ አይደለሁ።

የተግባር ፈተናው ዕለት ደም የሚሰጥ ሰው ጎደለና እናቴን ይዣት መጣሁ፤ ለስኳሯ ምርመራ መቀዳቷ አይቀር። መጀመሪያ ጓደኞቹ «መብረቁ» የሚሉት ልጅ ቀረበ። እጁን ታጠበ፣ ክንዷን አሰረ፣ ወጋ፣ ቀዳ። ሦስት ደቂቃ። ቅጹ ላይ ያልሞላ ሳጥን የለም። እናቴ ግን ሁለቱንም እጆቿን ሹራቧ ውስጥ ከተተች።

«በቃኝ። እኔ የውሃ ጉድጓድ ነኝ እንዴ?» አለች።

ቀጥላ «ኤሊ» መጣች። አምና ወድቃ የደገመች ልጅ ናት፤ ዘንድሮ ከወደቀች መባረሯ ነው። መርፌውን ትታ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እማማ፣ የትኛው ክንድዎ ይሻላል?»

እናቴ አንድ እጇን ከሹራቧ አውጥታ ስለ ክንዷ፣ ከዚያ ስለ ጉልበቷ፣ ከዚያ ስለ ጎረቤቷ ውሻ አወራች። እኔ ሰዓቴን እያየሁ ላብ አጠመቀኝ። ቶሎ በይ እንዳልላት ፈታኝ ነኝ።

«መቼ ልትጀምሪ ነው የኔ ልጅ?» አለች እናቴ በመጨረሻ።

«ጨርሻለሁ እኮ፣ እማማ።»

አሥራ አንድ ደቂቃ። ልጅቷን ውጪ ጠብቂኝ አልኳትና ቅጹን ይዤ ቀረሁ።

«ማን አለፈ?» አለች እናቴ፣ እጅጌዋን እየመለሰች።

«የመጀመሪያው።»

«እንግዲያው ለእኔ የወደቀችዋን ላኪልኝ። ክንዴን ደግሜ የምሰጠው ለእሷ ነው።»

ወይ ጉድ፣ አራት ቀን ያጣሁት ግስ። «ታካሚው ክንዱን ለዚያው ተማሪ ደግሞ ይሰጣል» ብዬ ጽፌ ወደ ሚዛኑ ሮጥኩ። አንብቦ መነጽሩን አወለቀ።

«ይኼማ ይታያል፣ ይቆጠራል። ግሩም ነው። ከሚቀጥለው ዓመት እንጀምርበታለን።»

«የዘንድሮዋ ልጅስ?»

«የዘንድሮዋ በተፈረመው ነው። የፈረሙት ደግሞ እርስዎ ነዎት።»

የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ። እሱን እንዳልቆጣ ደንቡን ነው የነገረኝ፤ ራሴን እንዳልቆጣ ያኔ ሌላ ምን ልጽፍ ነበር? እስከ ዛሬ አልገባኝም። ኤሊ ጋዋኗን አጣጥፋ አስረከበችኝ። «አዘገየሁዎት፣ ይቅርታ» ብላኝ ወጣች።

ከሦስት ወር በኋላ እናቴን ለስኳር ቀጠሮዋ ሆስፒታል ወሰድኳት። እጅጌዋን ሰብስባ አልጋው ላይ ተቀመጠች። መብረቁ አዲስ ጋዋን ለብሶ ገባ። አየችውና እጅጌዋን ቀስ ብላ መለሰች።

«ግድ የለም፣ ያቺ ልጅ እስክትመጣ እጠብቃለሁ» አለችው።