ከመኪናው ሥር

የእህቴ ባል የካሜራ ሌንስ የሚጓዘው እንደ አራስ ልጅ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ጭኑ ላይ ተኝቶ ነው። መንገዱ በጎረበጠ ቁጥር «ቀስ!» ይለኛል። የሚጨነቀው ለሌንሱ ነው። ከጎኔ የተቀመጠችው እህቴ ጭንቅላቷ ከመስኮቱ ጋር ሲጋጭ ግን አንድም ጊዜ «ቀስ» ሲል አልሰማሁትም።

ጥርስ ሐኪም ነው። የገዛ እናቱ ሳትቀር «ዶክተር» ትለዋለች፤ እኔም በሌላ ስም ጠርቼው አላውቅም። እሱ ደግሞ እኔን «ሚጣ» ይለኛል። ሚጣ የምትባለው ገና ድክ ድክ የምትል ልጅ ናት። እኔ ዲግሪ አለኝ፣ መኪና አለኝ፣ የአስጎብኚነት ፈቃድ አለኝ። ሥራዬ የዱር አራዊት ፎቶ ማንሳት የሚወዱ ሰዎችን ወደ ፓርክ መውሰድ ነው። መኪናዬ ውስጥ ገብተው የሚያወሩት ሁልጊዜ ስለ ትዕግሥት ነው፤ ተፈጥሮ ትዕግሥት ታስተምራለች፣ ምናምን። እኔን ያስተማረችኝ ነገር የለም። እንዲያውም ከጀመርኩ ወዲህ ችኮላዬ ብሶብኛል።

ዶክተርን ይዤ መሄድ አልፈለግሁም ነበር። የወተወተችኝ እህቴ ናት። «ዓመቱን ሙሉ የሰው አፍ ውስጥ ሲያይ የሚውል ሰው ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ሌላ ነገር ይይ» አለችኝ። የክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል ግድግዳ እሱ ባነሳቸው ወፎች ተሞልቷል። ግማሾቹ ጭንቅላት የላቸውም። ጉንጫቸው ያበጠ ሰዎች ተራ እየጠበቁ እነዚያን ወፎች ያያሉ፤ ያመማቸው ያነሰ ይመስል።

ፓርኩ በር ላይ ሕጉን ነገርኩት። ከመኪና መውረድ የለም። እንግዳ ከወረደ፣ አስጎብኚዋ በዚያው ቀን ስትወጣ በሩ ላይ መናገር አለባት። ከተናገረች እንግዳው ይታገዳል፣ ፎቶው ይወሰዳል፣ እሷ ያለ ቅጣት ትታለፋለች። ዝም ብላ ኋላ ከታወቀ ግን ፈቃዷ ይነጠቃል፤ እስከ ወዲያኛው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ እንግዳው ፌስቡክ ላይ በለጠፈው ፎቶ የተነሳ ፈቃዱን ተነጥቆ ዛሬ የሲሚንቶ መኪና ይነዳል። ይህንንም ነገርኩት።

«ሚጣ፣ እኔ ሕፃን ነኝ እንዴ?»

«ሕፃን ብትሆንማ በሩን ከውጭ ቆልፌብህ እገላገል ነበር።»

እህቴ ሳቀች። ያኔ ገና ትስቅ ነበር።

ነብሩን ያገኘነው ጎህ እንደቀደደ፣ ውሃ ዳር ነው። ከቁጥቋጦው ወጥቶ፣ ግራ ቀኙን ሳያይ፣ ቤቱ እንደገባ ሰው ቀጥ ብሎ ወደ ውሃው ወረደ። ሞተሩን አጠፋሁ። ዶክተር ሌንሱን ከብርድ ልብሱ ፈትቶ፣ መስኮቱ ላይ ባነጠፍኩለት ሩዝ የተሞላ ከረጢት ላይ አሳረፈው።

«ከላይ ወደ ታች ነው እኮ የማየው» ብሎ አንሾካሾከ። «ድመት መሰለ። ጥሩ ፎቶ የሚባለው በእንስሳው ዓይን ከፍታ ሲነሳ ነው።»

«አውቃለሁ። አንሳና ዝም በል።»

እውነቱን ነው። ይህን የማያውቅ የዚህ ሥራ ሰው የለም። ለዚህ ነው ሁሉም አንድ ቀን መሬት ላይ መተኛት የሚያምራቸው።

ነብሩን በመነጽር እያየሁ ነበር። ማጅራቴን ብርድ ሲነካኝ ዞርኩ። በወዲያኛው በኩል ያለው የኋላ በር ተከፍቷል። ወንበሩ ላይ ብርድ ልብሱ ብቻ ቀርቷል።

«የት ሄደ?» አለች እህቴ።

እግሬ ሥር፣ ከወለሉ በታች፣ የሆነ ነገር ብረቱን መታውና ቋ አለ።

«መኪናው ሥር ነው» አልኳት።

«አስነሺው! አስነሺው በይ!»

«ምኑን ነው የማስነሳው? በላዩ ላይ ልሂድበት?»

ለመጠየቅ ያህል ነው ያልኩት። መልሱን ግን ከሚገባው በላይ አሰብኩበት።

ነብሩ መጠጣቱን አቆመ። ጭንቅላቱን ሳይሆን ዓይኑን ብቻ አነሳ፤ ወደ እኛም አልነበረም የሚያየው፣ ከእኛ በታች ነው። ከዚያ መጣ። ሞተር ማስነሳት አልችልም። ጡሩምባ ብነፋ ደንግጦ ወደ የት እንደሚዘል አላውቅም። ወርጄ እግሩን ይዤ ልጎትተው? የእህቴ ጥፍር በሱሪዬ አልፎ ጭኔ ውስጥ ገባ። ከሥራችን የካሜራው ድምፅ ይሰማል፤ ቀጭ ቀጭ ቀጭ፣ ያለ እረፍት። ሰውየው እየተነፈሰ ስለመሆኑ ሌላ ማስረጃ አልነበረንም። ነብሩ ከመኪናው አፍንጫ ጥቂት እርምጃ ሲቀረው ቁጭ አለ። አየው። ምን እንዳሰበ እንጃ። ብቻ እንደ ተሰላቸ ሰው ተነሳና፣ ሳይቸኩል፣ ሣሩ ውስጥ ገባ።

ዶክተር በደረቱ እየተሳበ ወጣ። ሸሚዙ በሞተር ዘይት፣ ጢሙ በአቧራ ተለውሷል። ሳቁ ጆሮው ደርሷል።

«አየሽ ሚጣ? የነብር ጅራት አይያዝም ያለው ማን ነው?»

«ግባ።»

«አየሽኝ ግን?»

«ግባ አልኩህ እኮ!»

እህቴ በጥፊ የምትለው መስሎኝ ነበር። አንገቱን አቅፋ አለቀሰች። አልቅሳ ስትጨርስ አፍንጫዋን ጠረገችና «እስቲ አሳየን» አለች።

አሳየን። ከፊት ያለው ሣር ደብዝዞ ጭስ መስሏል። ከጭሱ መሃል የነብሩ ፊት ወጥቷል። ከአገጩ ሥር አንዲት የውሃ ጠብታ ልትወድቅ ስትል ተንጠልጥላ ቀርታለች። ዓይኖቹ ሁለቱም ጥርት ብለዋል፤ በውስጣቸው ያለው መስመር ሁሉ ይቆጠራል። እኔ ራሴ በዚህ ሥራ ካሜራ በያዝኩበት ስድስት ዓመት እንዲህ ያለ አላነሳሁም። ጭንቅላት የሌላቸው ወፎች የሚያነሳው ሰው፣ ሆዱ ላይ ተኝቶ አነሳው። ከመውረዱ ይልቅ ይሄ አበገነኝ።

«አጥፋው» አልኩት።

«ምን?»

«ፎቶው ከመሬት ስንዝር ከፍታ ላይ ነው የተነሳው። ስንዝር ላይ መስኮት ያለው መኪና የለም። ያየው ጠባቂ ሁሉ የት ሆነህ እንዳነሳኸው ያውቃል። አንተ አጥፋው፣ እኔም በሩ ላይ ዝም እላለሁ።»

«ለማንም አላሳይም፤ በእናቴ።»

ዶክተር አፋቸውን ከፍተው መልስ መስጠት ለማይችሉ ሰዎች ሲያወራ የሚውል ሰው ነው። የጎረቤቱን ፍቺ ሰፈሩ የሰማው ከክሊኒኩ ወንበር ላይ ነው።

«ሆዴ፣ ሥራዋ ነው እኮ» አለችው እህቴ።

በረጅሙ ተነፈሰ። ካሜራውን ወደ እኔ አዙሮ፣ እያየሁት፣ ቁልፉን ተጫነ። ፎቶው ጠፋ።

«በቃሽ?»

በቃኝ። መኪናውን አስነስቼ ወደ በሩ መንገድ ያዝኩ። ጥቂት እንደሄድን በመስታወቱ አየሁት። ብርድ ልብሱን እያጣጠፈ ያፏጫል። የሕይወቱን ፎቶ ገና አሁን ያጠፋ ሰው አያፏጭም። ያኔ ነገሩ ገባኝ። የእሱ ካሜራ ሁለት ካርድ ነው የሚይዘው፤ አንዱ ቢበላሽ ተብሎ እያንዳንዱ ፎቶ ሁለቱም ላይ ይቀመጣል። ከአንዱ ሲጠፋ ሌላው ላይ ይቀራል።

መኪናውን አቆምኩ።

«ሁለተኛው ካርድ።»

ፉጨቱ ተቋረጠ። «የምን ካርድ?»

«ዶክተር፣ እኔ የአንተን ጥርስ ልንቀል ብዬ አውቃለሁ? አንተም በእኔ ሙያ አትቀልድብኝ።»

«ቀናሽ!» አለ። ወደ እህቴ ዞረ። «ቀናች እኮ! ስድስት ዓመት ስትንከራተት ያላገኘችውን እኔ በአንድ ጠዋት ሳገኝ…»

«ቀናሁ። ካርዱን አምጣ።»

ካሜራውን ወደ ደረቱ አስጠጋው። እህቴን አየኋት። «ንገሪው» የሚል ነበር አስተያየቴ።

«ክሊኒኩ ውስጥ ነው የሚሰቅለው» አለች። «ምን አለበት? የፓርክ ጠባቂ ሁሉ ጥርሱን ሊያስነቅል እዚያ ይመጣል?»

«አንድ ሰው ይበቃል፣ እታለም።»

«አንቺ ዲግሪ አለሽ። ሌላ ሥራ አታጪም። እሱ ግን እንዲህ ያለ ፎቶ ሁለተኛ አያገኝም።»

በክፋት አልነበረም የተናገረችው። ሁለታችንን አመዛዝና፣ አስባበት ነው። ማርሹን አስገብቼ ነዳሁ።

የበሩ ኃላፊ ያውቀኛል። ስሜን ትቶ «ችኩሏ» ነው የሚለኝ።

«ዛሬ ደግሞ በጊዜ? የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች አሉ» አለና አንገቱን በመስኮት አስገባ። «ማንን ነው ያመጣሽልን?»

ዶክተር ጥርስ ሐኪም መሆኑን ሲነግረው፣ ሰውየው እዚያው አፉን ከፍቶ መንጋጋውን አሳየው። ዶክተር በስልኩ መብራት አየለት።

«ይሄማ ይነቀላል። ና እኔ ጋ፤ በነጻ ነው፣ የወንድም ነው።»

«እውነት? እግዜር ይስጥህ ወንድሜ፤ እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ።»

ተሳሳቁ። አብሮ አደግ መሰሉ። ከዚያ ኃላፊው እጁን መዝጊያው እንጨት ላይ አድርጎ፣ እንደ ወትሮው ወደ ሌላ እያየ ጠየቀኝ።

«ከመኪና የወረደ አለ?»

እህቴ ጉልበቷን ታያለች።

«አለ» አልኩት። «ከኋላ ያለው። ነብር ፊት ነው የወረደው። ካሜራው ውስጥ ሁለተኛ ካርድ አለ።»

የኃላፊው እጅ እንጨቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ዶክተር ሳቀ፤ ቀልድ ነው ለማለት። አብሮት የሳቀ ሰው አልነበረም።

ቢሯቸው ጠባብ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ እያቃሰተ የሚነሳ ኮምፒውተር። ካርዱን ከተቱት። ፎቶው ሲከፈት ኃላፊው ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። ቆይቶ «ኑ እስቲ» ብሎ ውጭ ያሉትን ጠባቂዎች ጠራ። ክፍሉ ሞላ። «ወይ ጉድ!» አለ አንዱ። ሌላው ጠብታዋን በጣቱ ሊነካት እጁን ዘረጋ።

«እዚህ ስኖር እንዲህ አድርጌ አይቼው አላውቅም» አለ ኃላፊው። «እጅህ ይባረክ፣ ወንድሜ።»

ዶክተር በዘይት የተለወሰ ሸሚዙን አስተካከለ። ሽልማት የሚቀበል ነበር የሚመስለው።

«ሁለት ዓመት ታግደሃል» አለው ኃላፊው በዚያው ድምፅ። ካርዱን አውጥቶ መሳቢያው ውስጥ ከተተና ቆለፈበት።

«ቢያንስ ፎቶውን…»

«አይሆንም። ጥርሴንም ሌላ ቦታ አስነቅላለሁ።» ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ሂጂ፤ ነገ እንገናኝ።»

ወደ ከተማ የሚመልሳቸው ሌላ መኪና የለም። የከሰስኩትን ሰው ቤቱ ድረስ የማደርሰው እኔው ነኝ። እህቴ ከፊት ወንበር ወርዳ ከባሏ አጠገብ ተቀመጠች። እኔ እንደ ታክሲ ሹፌር ብቻዬን ከፊት ቀረሁ። አስፋልቱ ላይ ስንወጣ «ከእንግዲህ ቤቴ ድርሽ እንዳትዪ» አለችኝ። «እሺ» አልኳት። ፈቃዴን ይዤ ወጥቻለሁ፤ ደግሞ ምን ብዬ ልከራከር?

ከተማው ዳር ደርሰን፣ የጎማ መጠገኛዎቹና የብሎኬት አጥሮቹ ሲጀምሩ ዶክተር ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሚጣ።»

ማርሽ ቀየርኩ።

«ሌላውን ተዪው። አንቺ ባለሙያ ነሽ። ፎቶው… እንዴት ነበር?»

ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም። የምሩን ነው የሚጠይቀው። በመስታወቱ አየሁት፤ ባዶውን ብርድ ልብስ በሁለት እጁ አቅፏል። መሳቢያው ተቆልፏል። ያንን ፎቶ ዳግመኛ አያየውም፤ ስለዚህ የምለው ነገር ነው የሚቀረው።

«ደህና ነው» አልኩ። «ፎከሱ ግን ጆሮው ላይ ነው ያረፈው። ዓይኑ ደብዝዟል።»

«የቱ ዓይኑ?»

«ሁለቱም።»

ወደ መስኮቱ ዞረ። እህቴ እጁን ያዘችው።

«ውሸቷን ነው፤ ጥርት ያለ ነበር፣ ሆዴ። በዓይኔ አይቼዋለሁ። ስታቃጥልህ ነው።»

ፊቱን ከመስኮቱ አልመለሰም።

«ተዪ» አላት በመጨረሻ። «አንቺ ምን ታውቂያለሽ? እሷ ታውቃለች።»