በራሱ የሚገጥመው በር

ሙነወር ጋራዡን የእንጨት ሥራ ቤት አደርገዋለሁ ብሎ የተነሳ ዕለት አማቱ ወይዘሮ ሃዲያ ምሳ አልወርድ አላቸው። ሰውየው በዕድሜው መዶሻ ጨብጦ አያውቅም። አየር ማረፊያው አጠገብ የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርግ የሚውል ሰው፣ ጎረቤት ካለ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ የመጋዝ ማሽን ገዝቶ፣ ከላይብረሪ መጽሐፍ ተውሶ አናጢ ልሁን አለ። ክቡ መጋዝ ከብረት ጠረጴዛው መሐል ጥርሱን አግጥጦ ወጥቷል። ወይዘሮ ሃዲያ ባዩት ቁጥር ትዝ የሚላቸው እንጨት አልነበረም፤ የሀዋ ጣቶች ነበሩ።

ሀዋ የልጅ ልጃቸው ናት፤ ሁለት ዓመት ከመንፈቋ። እናቷ ፈሪዳ ፌደራል ዌይ የሚባል ሰፈር በደሞዝ አሮጊቶች ልትጦር በንጋት ትወጣለች፤ አባቷም ተከትሎ ይሄዳል፤ ስካይዌይ የሚባል ሰፈር ያለው ቤታቸውና ልጅቱ በአያት እጅ ይቀራሉ። አያት ደግሞ መኪና አይነዱ፣ ቋንቋ አይሰሙ፤ ከደሴ ወደዚህ ሰው አገር ከመጡ ወዲህ ብቻቸውን ከበር የወጡት ቆሻሻ ለመጣል ብቻ ነው።

ፈሪዳን "ባልሽን ምነው አንድ ነገር ብትይው?" አሏት።

"ተይው እማ፣ ይጫወትበት። ሥራው እንደሆነ አንገሽግሾታል፤ ይቺን እንኳ ልከልክለው?" አለች።

ራሳቸው እንዳይናገሩት አማት ናቸው። በሳቸው ወግ አማት ከአማቿ ፊት እንኳን ልትቆጣ ቀና ብላም አታይ። ስለዚህ ዘዴ ፈጠሩ። ጠዋት ጠዋት እሱ ሲወጣ ጋራዥ ገብተው፣ ግድግዳው ላይ ያለውን የኤሌክትሪክ ሳጥን ከፍተው ለመጋዙ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ብሬከር ወደ ታች ይጥሉታል። ልጅቱ ሾልካ ብትገባ እንኳ ማሽኑ አይነሳም። ሙነወር ማታ መጥቶ ብሬከሩ ወድቆ ሲያገኘው መልሶ ያነሳዋል፤ ግን ቤቱን እንዳያቃጥልብኝ ብሎ ማሽኑን ሳይሞክረው ይተወዋል። መስጊድ ያገኘውን ሁሉ ያማክራል።

"እማ፣ ይሄ ቤት ጂን አለበት እንዴ?" ብሎ ሲስቅ፣ እሳቸው መሬት መሬት እያዩ "አዑዙ ቢላህ!" ይላሉ።

እንዲህ እንዲህ ሁለት ሳምንት ሄደ።

ያን ማክሰኞ የሀዋን የአጃ ሾርባ ጥደው፣ ልጅቱን ቴሌቪዥን ፊት አስቀምጠው፣ አንድ ደቂቃ ነው ብለው ጋራዥ ገቡ። ብሬከሩን ጣሉ። ሲመለሱ ቤቱንና ጋራዡን የሚያገናኘው በር ከኋላቸው ገጥሟል፤ ዘንበል ያለ ስለሆነ ድሮም በራሱ ይገጥማል። እጀታውን ጠመዘዙት። አልዞር አለ።

ሰኞ ማታ ሙነወር በሩ ሥር ተንበርክኮ ሲታገል አይተውታል። ምን እንደሚሠራ አልጠየቁትም፤ እሱም ቀና ብለው የማያዩትን አማቱን አስቁሞ አላስረዳም። ለካ ሀዋ መጋዙ ዘንድ እንዳትገባ ብሎ፣ በተዘጋ ቁጥር ራሱን የሚቆልፍ፣ ከቤት በኩል ልጅ የማትችለውን ጠንካራ እጀታ በማዞር፣ ከጋራዥ በኩል ግን በመክፈቻ ብቻ የሚከፈት ቁልፍ ገጥሞለታል። ትልቁን የመኪና በር ደግሞ ለብርዱም ለሌባውም ብሎ ከውስጥ በኮምፔንሳቶ ደፍኖ ቸንክሮታል። መስኮት የሚባል የለም።

"ሀዋ!"

"ዋት?" አለች ልጅቱ ከወዲያ።

"ነይ የኔ እናት፣ በሩን ክፈቺልኝ። ያቺን ክብ ነገር አዙሪያት።"

ትንሽ እጅ እጀታው ላይ ሲንሸራተት ተሰማ። "አይ ካንት።"

"በይ እዚሁ ቁጭ በይ። የትም እንዳትሄጂ፣ እሺ?"

ቀጥሎ ወንበር ወለሉ ላይ ሲጎተት ሰሙ። ወደ ወጥ ቤት።

ምድጃው ተለኩሷል፤ ሾርባው ይፈላል። "ያ ረቢ፣ እኔን አስቀድመኝ" እያሉ ዙሪያውን አዩ። የበሩ ማጠፊያዎች ወደሳቸው በኩል ናቸው፤ በየማጠፊያው ውስጥ እንደ ወፍራም ምስማር ያለ ዘንግ ቆሟል። መዶሻና ካቻቢቴ አነሱ።

"ሀዋ! ነይ ስንት ጊዜ እንደምመታ ቁጠሪልኝ! ጎበዝ ናት ሀዋ!"

ወንበሩ ቆመ። የእግር ኮቴ መጣ። ካቻቢቴውን ከዘንጉ ሥር ደግነው መዶሻውን ከታች ወደ ላይ አሳረፉት።

"ዋን!" አለች ሀዋ። "ቱ! ስሪ!"

የላይኛው ዘንግ ወጣ። መካከለኛውም ወጣ። የታችኛውን ቀለም ውጦታል፤ ንቅንቅ አልል አለ። ከዚያ ወዲያ ቁጥሩ ቆመ።

"ሀዋ? ስንት ሆነ?"

ወንበሩ እንደገና ሲጎተት ሰሙ።

ሙነወር ከካርቶኑ ያላወጣውን አዲስ መሮ ቀደው አወጡ። ስለቱን ቀለሙ ላይ ተክለው በመዶሻ ወቀሩት፤ ስለቱ ተሸረፈ፤ ደገሙት። ዘንጉ ብቅ ሲል በእጃቸው መዠረጡትና በሩን ወደራሳቸው ጎተቱት። በሩ ትከሻቸውን ደቁሶ ወደቀ። ረግጠውት ሮጡ።

ሀዋ ምድጃው ፊት ወንበር ላይ ቆማለች። ሾርባው ገንፍሎ ይጨሳል፤ የእንጨት ማንኪያ ይዛ፣ እጅጌዋ ከቀላው ብረት አንድ ስንዝር ቀርቶት፣ "ሱፕ ሆት" አለች። ከኋላ ነጥቀዋት ወለሉ ላይ ዘጭ አሉ።

ሙነወር ሲመጣ በሩን መሬት ላይ ተዘርግቶ አገኘው። "ሌባ ገባ?"

"ሌባ አልገባም። እኔ ነኝ።" ወይዘሮ ሃዲያ ቀና ብለው አዩት። ብሬከሩን፣ ቁልፉን፣ ሾርባውን፣ ሁሉንም ነገሩት። ሀዋ እቅፋቸው ውስጥ ተኝታለች።

"ሁለት ሳምንት ሙሉ... አንቱ ነዎት?"

"እኔ ነኝ።"

"ኤሌክትሪሻን ልጠራ ነበር እኮ፣ እማ!" ሳቅ ይሁን ንዴት አልለይ አለው። ጎንበስ ብሎ የሀዋን ጣቶች አንድ በአንድ ዳሰሳቸው። ከዚያ በሩን አንስቶ ወደ ቦታው ወሰደው። ወይዘሮ ሃዲያ ልጅቱን እንደታቀፉ ቀድመውት ደፉ ላይ ተቀመጡ።

"ይነሱልኝ፣ ልግጠመው።"

"መጀመሪያ ቁልፉን አውጣው።"

"ካወጣሁት ሀዋ ትገባለች።"

"ካላወጣኸው እኔ ውስጥ እቀራለሁ።"

"ሶ ምን ላድርግ?"

"መጋዙን ለሽማግሌው መልስለት።"

ሙነወር በሩን በሁለት እጁ እንደያዘ ቆመ። "ገና አንድ እንጨት አልቆረጥኩበትም" አለ ቀስ ብሎ።

ድምፁ አንጀታቸውን በላው። እንዲህ ፊት ለፊት ሲያዩት ዓይኑ ሥር የተኛውን ድካም አዩት፤ ይቺው ጋራዥ ብቻ እንዳለችውም ገባቸው። አዘኑለት፤ ምርቃትም አፋቸው ላይ መጣ።

ግን አልተነሱም።