ትርፉ ቁልፍ

ከሰውየው ድምፅ በፊት ቁልፉን አወቀችው። አንድ ጥርሱ የተሸረፈ፣ በቀይ ክር የታሰረ፤ ከመኝታ ቤቱ በር ማዶ ሲዞር ስንቴ የሰማችው ያው ቁልፍ።

"አንዱ ጠፍቶብኛል፤ ይሄንን ቅረጹልኝ" አለ የቀድሞ ባሏ። ቀና ብሎም አላያት። የብናኝ መነጽርና ጭምብል ያደረገች ቁልፍ ቀራጭ ለእሱ ምኑ ናት! ወዲያው ስልኩ ጮኸና ሊያወራ ወደ ደጅ ወጣ።

ደሟ ፈላ። ያንን መዶሻ አንስታ አናቱን ብትለው አንጀቷ ቅቤ በጠጣ! ግን በሴቶች መጠለያው አማካሪዋ ያስተማረቻት ትዝ አላት፦ እግርሽን መሬት ላይ ተጫኚ፣ በዝግታ ተንፍሺ፣ የምታዪውን በስሙ ጥሪ። ያኔ "ይሄ ደሞ ከዱላ ሊያስጥል!" ብላ ስቃበት ነበር። አሁን ጠራች። ሞረድ። ጉጠት። የዘይት ቆርቆሮ። የዚያ ውሻ ጫማ። ቁልፉን ማሽኑ ላይ አስራ አንዱን ቀረጸች።

ሰውየው ቁልፉን ከፈለገው፣ ከበሩ ማዶ ሌላ ሴት አለች ማለት ነው።

የባለሱቁ የጋሼ ሕግ አንድ ነው፦ ደንበኛው ካዘዘው በላይ የቀረጸ ይባረራል። ከዚያ ቤት አምልጣ ስትመጣ ሥራ የሰጣት እሱ ብቻ ነበር። እያወቀች ማሽኑን ለሁለተኛ ጊዜ አስነሳችው።

"አንድ አይደል እንዴ ያዘዘው?" አለ ጋሼ ከጀርባዋ።

"አንድ ነው ጋሼ። በዚህ ነበር የሚቆልፍብኝ።"

ጋሼ ደጅ የቆመውን ሰውዬ ከላይ እስከ ታች አየው። "ማሽኑን ዘይት አጠጪው፣ ልጄ፤ እንዳይጮኽ" አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

በማግስቱ ሰውየው ሥራ ሲሄድ ጠብቃ፣ በጓሮ በኩል የዚያን መኝታ ቤት መስኮት አንኳኳች። ዓይኗ ያበጠ ሴት ብቅ አለች።

"ማነሽ?"

"ካንቺ በፊት እዚህ የነበርኩት።" ቁልፉን በፍርግርጉ አሾልካ ሰጠቻት፤ የአማካሪዋንም ቢሮ ነገረቻት።

በሳምንቱ ሰውየው እንደ እብድ እየጮኸ ሱቁ ገባ። "ቁልፌን ማነው ያባዛው? ሚስቴን ማነው ያስኮበለላት?"

ጋሼ መዶሻውን ይዞ ከጎኗ ቆመ። እሷ እግሯን መሬት ላይ ተጫነች፣ በዝግታ ተነፈሰች፣ መነጽሩንና ጭምብሉን አወለቀች። የሰውየው ፊት አመድ መሰለ። እንዴት ደስ አላት!

"እኔ ነኝ" አለችው። "ሂድና ሌላ ቁልፍ ግዛ። በዚህ ሰፈር ቁልፍ የምንቀርጸው እኛ ብቻ ነን።"